ከተዋናይነት ወደ ፊልም አዘጋጅነት፦ የሜድ ሆንዶ የስደት ዘመን ሥራዎች

መግቢያ

የሰሜን አፍሪካ ሲኒማ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠሩት የግብጹ ዩሱፍ ሻሂንና የአልጄሪያው መሐመድ ላኽዳር ሐሚና ናቸው። ከመግሪብ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከሞሪታኒያ ወጥቶ አብዛኛውን ዕድሜውን በፓሪስ በስደት ያሳለፈው ሜድ ሆንዶ ግን በእኛ ዘንድ ስሙ እምብዛም አይታወቅም። ይህም የሚያስቈጭ ነው። ሆንዶ በዘመኑ ከነበሩት የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ ይልቅ የስደተኛውን ሕይወት የሥራው ማዕከል ያደረገ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ ሲሻገርም ከዚህ ጥያቄ ያልተለየ የጥበብ ሰው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሆንዶን የሥራ ዘመን ከተዋናይነት እስከ ፊልም አዘጋጅነት ተከትሎ ማብራራት ነው። ጽሑፉ የሚያተኩርበት ጥያቄ አንድ ነው። በባዕድ አገር የሚኖር ባለሙያ፣ የአገሩ መንግሥት ሳይረዳው፣ የተሰደደበትም አገር ባለገንዘብ ሳያምነው፣ የወገኑን ታሪክ በራሱ አንደበት ለመናገር ምን ያህል ዋጋ ይከፍላል? የሆንዶ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። ሆንዶን ከሁሉ በላይ የፈተነው ፊልሙን መሥራቱ አልነበረም፤ የሠራውን ፊልም ለተመልካች ማድረሱ ነበር።

አንባቢን እንዳያደናግር በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹ ርእሶች የተሰጡትም በአማርኛ ትርጉማቸው ሲሆን ትርጉሙ የዚህ ጸሐፊ ነው።

፩. ከአታር እስከ ማርሴይ

ሙሐመድ አቢድ ሆንዶ በ1936 በሰሜን ሞሪታኒያ፣ ጥንታዊ የነጋዴ ግመሎች መተላለፊያ በሆነችው በአታር ተወለደ። ሞሪታኒያ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ተብሎ የሚጠራው ሰፊ ቅኝ ግዛት አንዷ ክፍል ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው በ1960 ነው። ሆንዶ በወጣትነቱ ወደ ሞሮኮ ተሻግሮ በራባት ከተማ በሆቴል ሙያ ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ሥራ ተማረ። በ1950ዎቹ መጨረሻም ባሕር ተሻግሮ ማርሴይ ገባ።

ሙያ ተምሮ የሄደው ወጣት በማርሴይ የጠበቀው ግን ሌላ ነበር። በወደብ ጫኝና አውራጅ፣ በእርሻ የቀን ሠራተኛ፣ በምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ሠራ። የሙያ ምስክር ወረቀት መያዝ የቆዳን ቀለም እንደማያስረሳ፣ ለአንድ ዓይነት ሥራም የሚከፈለው ዋጋ እንደ ሠራተኛው የትውልድ አገር እንደሚለያይ በዓይኑ አየ። ከአገሩ በዲፕሎማ ወጥቶ በስደት አገር መኪና ጠባቂ ወይም ሳሕን አጣቢ የሆነ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኋላ በሆንዶ ፊልሞች ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣው፣ ተምሮ ሳለ ሥራ የሚከለከለው አፍሪካዊ ከዚህ ልምድ የተቀዳ ነው።

፪. የመድረኩ ዘመን

ሆንዶ ወደ ፓሪስ ከተሻገረ በኋላ ትያትር መማር ጀመረ። መምህርቱ ፍራንስዋዝ ሮዜ በፈረንሳይ መድረክና ሲኒማ ታላቅ ስም የነበራት ተዋናይት ናት። ከእርሷ ዘንድ የሞልዬርን፣ የራሲንንና የሼክስፒርን ተውኔቶች አጠና፤ የፈረንሳይኛ አነጋገሩንም አቃና። ወደ ፊት እንደምናየው፣ በዚህ ጊዜ የሠለጠነው ድምፅ ዕድሜ ልኩን እንጀራው ሆነ።

ትምህርቱ ግን የሥራ በር አልከፈተለትም። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ድርሻ ከአሽከርነትና ከበር ጠባቂነት ብዙ የማያልፍ፣ ከሁለት ከሦስት ቃል የማይበልጥ ነበር። ይህ ችግር የእርሱ ብቻ አልነበረም። ከአፍሪካና ከካሪብያን ደሴቶች የመጡ ተዋንያን ገና በ1956 በፓሪስ «ግሪዮ» የተባለ የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ነበር። ግሪዮ በምዕራብ አፍሪካ የአባቶችን ታሪክ በቃሉ ይዞ የሚያዜም፣ እኛ አዝማሪ ከምንለው ጋር የሚዛመድ የባለሙያ ወገን ነው። ሆንዶም በ1966 በዮሩባ የነጎድጓድ አምላክ ስም «ሻንጎ» የተባለ ቡድን መሠረተ። ሁለቱ ቡድኖች በኋላ ተዋሕደው የጥቁር ደራስያንን ሥራዎች፣ ከእነዚህም መካከል የማርቲኒኩን የኤሜ ሴዜርን ተውኔቶች፣ ለፓሪስ ተመልካች ማሳየት ቀጠሉ።

በዚሁ ጊዜ ሆንዶ በሌሎች ሰዎች ፊልሞች ውስጥ ትንንሽ ድርሻዎች አገኘ። በ1966 በዣን ሉክ ጎዳር፣ በ1967 በኮስታ ጋቭራስ፣ በ1969 በአሜሪካዊው ጆን ሂዩስተን ፊልሞች ታይቷል። ድርሻዎቹ ትንንሽ ቢሆኑም ጥቅማቸው ትልቅ ነበር። የፊልም ትምህርት ቤት ያልገባው ሆንዶ የካሜራን አሠራር የተማረው እነዚህን ባለሙያዎች ከጎን ቆሞ በማየት ነው።

ትያትር ይዞ ወደ ሲኒማ የሄደበትን ምክንያት ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። የፈረንሳይ መንግሥት በ1934 ባወጣው፣ በቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ በፒየር ላቫል ስም በሚጠራው ድንጋጌ መሠረት፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ ፊልም ማንሣት የተከለከለ ነበር። በዚህም ምክንያት ፖላን ቪዬራና ጓደኞቹ በ1955 የመጀመሪያ ሥራቸውን የሠሩት በአፍሪካ ምድር ሳይሆን በፓሪስ ነው። የሴኔጋሉ ዑስማን ሴምቤን በ1966 በዳካርና በደቡብ ፈረንሳይ መካከል ስለምትንገላታ የቤት ሠራተኛ ፊልሙን ሲያሳይ፣ በካሜራ ተናጋሪ የሆነ አፍሪካዊ ገና ብርቅ ነበር። በትያትር አንድ ምሽት የሚታየውን መቶ ሰው ይመለከተዋል፤ ፊልም ግን ከአገር አገር ይሄዳል። ሆንዶ ካሜራ ያነሣው በመድረክ ላይ የጀመረውን ንግግር ወደ ብዙ ሕዝብ ለማድረስ ነው።

፫. «ፀሐይ ሆይ»

የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ «ፀሐይ ሆይ» (ሶሌይ ኦ) ከ1967 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት፣ ገንዘብና ጊዜ በተገኘ ቁጥር እየተቈራረጠ የተቀረጸ ነው። ወጪው 30 ሺ ዶላር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከአዘጋጁ ኪስ የወጣ ነበር። ተዋንያኑ የትያትር ጓደኞቹ ናቸው፤ ደመወዝ ሳይጠይቁ ሠሩ። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው የግሪዮ ቡድን መሥራች የነበረው የጓድሉፑ ሮቤር ሊያንሶል ነው። የፊልሙ ርእስ የተወሰደው ከአፍሪካ ወደ ካሪብያን በባርነት የተጋዙ ሰዎች ሐዘናቸውን ይገልጹበት ከነበረ ዘፈን ነው።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ አፍሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ የአባቶቹ ጌቶች አገር ወደ ሆነችው ፈረንሳይ «ቤቴ» ብሎ ይመጣል። ሥራ ይለምናል፤ በየደጁ ይመለሳል። ቤት ይፈልጋል፤ አያገኝም። ወዳጅ መስለው የሚቀርቡትም ስለ ሰውነቱ ሳይሆን ስለ ጥቁርነቱ ይሹታል። በመጨረሻ ከተማዋን ጥሎ ወደ ጫካ ይሸሻል፤ በዚያም የፓትሪስ ሉሙምባ፣ የማልኮልም ኤክስ፣ የቼ ጌቫራና የሞሮኮው መህዲ ቤን ባርካ ሥዕሎች በእሳት መካከል ይታዩታል።

የፊልሙ ኃይል ግን ከታሪኩ ይልቅ በአቀራረቡ ነው። በመክፈቻው አካባቢ አፍሪካውያን ወንዶች በአንድ ነጭ ቄስ ፊት ቆመው የእናታቸውን ቋንቋ ስለ ተናገሩ እንደ ኃጢአተኛ ይቅርታ ይለምናሉ፤ ተጠምቀውም የፈረንሳይ ስም ይወጣላቸዋል። ቀጥሎ በእጃቸው የያዙት መስቀል ተገልብጦ ሰይፍ ይሆናል፤ በአዛዥ ትእዛዝም እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ። ሆንዶ እዚህ ላይ ብዙ ገጽ የሚፈጅ የቅኝ ግዛት ታሪክ በጥቂት ደቂቃ፣ ያለ ብዙ ንግግር አስጨብጧል። ይህ በመድረክ ያደገ ሰው ዘዴ ነው። መድረክ ላይ አንድ ዱላ ጦር፣ ዙፋንና ጀልባ ሊሆን ይችላል፤ ተመልካቹም ያምናል። ገንዘብ ያልነበረው አዘጋጅ ይህን የትያትር ስምምነት ወደ ሲኒማ አምጥቶ ድኽነቱን ወደ ጥበብ ለወጠው። በሌላ ቦታ ደግሞ ዋናውን ሰው ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር በፓሪስ መንገድ ላይ እንዲሄድ አድርጎ፣ የአላፊ አግዳሚውን ፊት ይቀርጻል። የእነዚያን ሰዎች ግልምጫ የጻፈው ደራሲ የለም።

ፊልሙ በ1970 በካን በሐያስያን ሳምንት ታየ፤ በዚያው ዓመት በሎካርኖ ከሌሎች ፊልሞች ጋር የወርቅ ነብር ሽልማትን ተካፈለ። በፌስቲቫል መመስገንና በሲኒማ ቤት መታየት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆኑት የአፍሪካ አገሮች የፊልም ማከፋፈሉን ሥራ የያዙት ኮማሲኮና ሴክማ የተባሉ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። የአፍሪካ ተመልካች ምን እንደሚያይ የሚወስኑት እነርሱ ስለ ነበሩ ዳካርና አቢጃን ላይ የሚታየው የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የህንድ ፊልም ነበር። በዚህም የተነሣ ስለ አፍሪካዊ ስደተኛ የተሠራ ፊልም ወጣቶቹ ከሚሰደዱባቸው ከተሞች ይልቅ በስዊትዘርላንድ ይበልጥ ታወቀ።

፬. ጎረቤቶቹና ወንድሞቹ

ሁለተኛው ዋና ሥራው በ1974 የወጣው ነው። በፈረንሳይ ጎዳና ዐረቦችና ጥቁሮች የሚሰደቡባቸውን ሁለት ቃላት አጣምሮ «ጎረቤቶቻችሁ» የሚል ቃል ጨመረበትና ርእስ አደረገው። የሚሰደበው ሰው በሩቅ አገር ያለ እንግዳ ሳይሆን ከግድግዳው ማዶ የሚያድር ሰው ነው ማለቱ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው አንድ ተዋናይ በፊልም ማስታወቂያዎች በተለበጠ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ሲኒማ ለአፍሪካውያን ምን እንደሆነ ለተመልካቹ ፊት ለፊት በሚያደርገው ረጅም ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ለሠራተኞቹ ይለቀቃል፤ ስለ መኖሪያቸው፣ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ትግላቸው ይናገራሉ። በዚያው ዓመት በቱኒዚያ በካርታጎ የፊልም በዓል የወርቅ ታኒት ተሸለመ።

ቀጥሎ የመጣው ፊልም የሆንዶን ጽኑነት የሚያስመሰክር ነው። ስፔን በ1975 መጨረሻ ከምዕራብ ሳሕራ ስትወጣ ሞሮኮና ሞሪታኒያ ግዛቷን ተከፋፈሉ፤ የፖሊሳርዮ ግንባርም በሁለቱ ላይ ጦርነት ከፈተ። ሆንዶ በ1977 «ለእንቅልፉማ ሞት ይበቃናል» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ የሳሕራውያኑን ትግል ደገፈ። ጉዳዩን ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ይህ ማለት የተወለደበት አገር መንግሥት ጦር ባዘመተበት ሕዝብ ጎን መቆም ማለት ነው። የነጮችን በደል መንቀፍ በስደት ለሚኖር አፍሪካዊ ከባድ ቢሆንም ቢያንስ ከወገን ጭብጨባ ያስገኛል። የገዛ አገርን መንግሥት ጦርነት መንቀፍ ግን የመመለሻውን በር የሚዘጋ ሥራ ነው። የሞሪታኒያ መንግሥት በሐምሌ 1978 በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ፤ አዲሶቹም ገዢዎች በነሐሴ 1979 ከፖሊሳርዮ ጋር ሰላም አድርገው ከጦርነቱ ወጡ። ሆንዶ ግን ኑሮውም ሥራውም በፓሪስ እንደሆነ ቀረ።

፭. በፋብሪካ ውስጥ የተሠራች መርከብ

በ1979 የወጣው «ዌስት ኢንዲስ» ብዙ ሐያስያን የሆንዶ ትልቁ ሥራ የሚሉት ነው። መነሻው የማርቲኒኩ ደራሲ የዳንኤል ቡክማን ተውኔት ነው። ሆንዶ በፓሪስ ሥራ ባቆመ የሲትሮኤን መኪና ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ግዙፍ የባሪያ ማጓጓዣ መርከብ አሠራ። የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ሙሉ በሙሉ በዚህች መርከብ ላይ በዘፈን፣ በጭፈራና በንግግር ይተረካል።

የመርከቢቱ አሠራር የፊልሙ ሐሳብ ነው። በታችኛው ወለል የታሰሩት አሉ፤ ከላይ ባለሥልጣናቱና ነጋዴዎቹ ይደንሳሉ፤ በመካከል አስታራቂ መስለው የሚደልሉ ወገኖች ይመላለሳሉ። ካሜራው ሳይቋረጥ ከወለል ወደ ወለል ሲንቀሳቀስ ዘመኑም አብሮ ይለወጣል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ አድርገው በሰንሰለት የጫኗቸውን ሰዎች ልጆች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት ራሱ ባቋቋመው መሥሪያ ቤት አማካይነት የጉዞ ቲኬት ሰጥቶ ወደ ፈረንሳይ ለጉልበት ሥራ ያመጣቸዋል። መርከቢቱ ያችው ናት፤ የተለወጠው አሳፋሪው ልብሱ ነው። የባሪያ መርከብን በመኪና ፋብሪካ ውስጥ ማሠራትም በአጋጣሚ ቦታ ከማግኘት ያለፈ ትርጉም አለው። የስደተኞቹ ጉልበት የሚፈስሰው በዚያን ዘመን በእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ ነበርና።

በዚሁ በ1979 ሆንዶ ሲኒማ ለአፍሪካውያን ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ አፍሪካውያንና ዐረቦች የገዛ ምስላቸው ባለቤቶች አለመሆናቸው፣ በሌሎች ፊልም ሲጥለቀለቁም የራሳቸውን ዓይን እያጡ መሄዳቸው ነው። መፍትሔው አንድ ጥሩ ፊልም መሥራት ብቻ ሳይሆን ፊልም የሚታይበትን መንገድ በእጅ ማስገባት እንደሆነም ያስረዳል።

፮. ሳራውኒያና የሁለት አገሮች መንግሥታት

ሳራውኒያ በሐውሳ ቋንቋ ንግሥት ማለት ነው። የኒጀር ሕዝብ በዚህ ስም የሚያስባት የሉጉ መንደር መሪ የነበረችውን፣ በ1899 የፈረንሳይን ጦር የተቋቋመችውን የአዝና ሕዝብ ንግሥት ነው። ጦሩን የሚመሩት ሻምበል ቩሌና ሻኑዋን ከሴኔጋል ተነሥተው ወደ ቻድ ሐይቅ ሲጓዙ መንደሮችን አቃጠሉ፤ ሕዝብ ፈጁ። ወሬው ፓሪስ ሲደርስ መንግሥት እንዲይዛቸው ኮሎኔል ክሎብን ላከ፤ ቩሌ ግን በሐምሌ ወር ክሎብን አስገደለው። በጥቂት ቀናት ውስጥም ሁለቱ መኮንኖች በራሳቸው አፍሪካውያን ወታደሮች እጅ ተገደሉ። ይህ የሆነው ከዐድዋ ድል ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ መሆኑን ስናስታውስ፣ የኢትዮጵያ ድል ከተነገረ በኋላም በአህጉሩ ውስጠኛ ክፍል ምን ዓይነት ወረራ ይካሄድ እንደነበር ይታየናል።

የኒጀሩ ደራሲ አብዱላይ ማማኒ በ1980 የዚህችን ንግሥት ታሪክ በልብ ወለድ ጻፈ፤ ሆንዶም ወደ ፊልም ለመለወጥ ተነሣ። ቀረጻው በታሪኩ ቦታ በኒጀር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ የኒጀር መንግሥት ግን ድጋፉን አነሣ። በዚህ ጊዜ የረዳው የቡርኪና ፋሶው መሪ ቶማስ ሳንካራ መንግሥት ነው። ፊልሙ በቡርኪና ምድር፣ በዚያው አገር ሕዝብ ተሳትፎ ተሠርቶ በ1986 ተጠናቀቀ። ንግሥቲቱን ሆና የተጫወተችው ቡርኪናዊቷ አይ ኬይታ ናት።

ፊልሙን ከተራ የጀግንነት ተረክ የሚለየው የጎረቤቶችን መከፋፈል አለመሸሸጉ ነው። በንግሥቲቱ ዙሪያ ያሉት ገዢዎች በሃይማኖት ስለምትለያቸው፣ ከእርሷ ጋርም የቆየ ቂም ስላላቸው፣ የውጭው ጠላት ሲመጣ አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ደስ ይላቸዋል። ወራሪውም ጦር ቢሆን አብዛኛው አፍሪካዊ ነው። ሳራውኒያ የምታሸንፈው መንደሯን አስከብራ አይደለም፤ መንደሯ ሲቃጠል ሕዝቧን ይዛ ወደ ጫካ ትገባለች፤ ተስፋ የቈረጡትና የከዱትም ወደ እርሷ ይሰበሰባሉ። በፊልሙ ውስጥ አገር ማለት አጥሩና ጎጆው ሳይሆን አብሮ ለመኖር የቈረጠው ሕዝብ ነው።

በየካቲት 1987 በዋጋዱጉ የፓን አፍሪካ የፊልም በዓል፣ በፌስፓኮ፣ ፊልሙ ታላቁን የየነንጋ ፈረስ ሽልማት አገኘ። ሳንካራ በዚያው ዓመት በጥቅምት ተገደለ። በፓሪስ የጠበቀው ዕድል ግን ከዋጋዱጉ ተቃራኒ ነበር። ፊልሙ የቀረበው በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ሲሆን እነዚያም በቶሎ አወረዱት፤ የጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ የወረደውን ፊልም ግን አልመለሱትም። በግልጽ የከለከለ ባለሥልጣን አልነበረም። ሳንሱር መቀስና ማኅተም ብቻ ሳይሆን የሲኒማ ቤት የጊዜ ሰሌዳም ሊሆን እንደሚችል ሆንዶ በዚህ ሥራው ተማረ። ብዙ ሕዝብ አሰልፎ የሠራው ትልቁ ታሪካዊ ፊልሙም ያወጣውን ገንዘብ ሊመልስለት አልቻለም።

፯. የተከራየው ድምፅ

ታዲያ ሆንዶ በምን ኖረ? በምንስ ፊልም ሠራ? ከላይ የጠቀስነው የሠለጠነ ድምፅ እዚህ ላይ ይመጣል። በፈረንሳይ የውጭ ፊልሞች በብዛት የሚታዩት የተዋንያኑ ንግግር በፈረንሳይኛ ድምፅ ተተክቶ ነው። ሆንዶ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ሆነ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካዊው ቀልደኛ የኤዲ መርፊ ፈረንሳይኛ ድምፅ እርሱ ነበር። በበርካታ ፊልሞች ለሞርጋን ፍሪማንም ተናግሯል። በ1994 በ«ላየን ኪንግ» የራፊኪ የተባለውን ጠቢብ ዝንጀሮ፣ ከ2001 ጀምሮም በ«ሽሬክ» ፊልሞች የለፍላፊዋን አህያ ድምፅ ሰጥቷል።

ነገሩ ምጸት አለበት። የሆንዶን ስም ሰምተው የማያውቁ፣ ፊልሞቹን በአገራቸው ሲኒማ ቤት ለማየት ዕድል ያላገኙ ሚሊዮን ፈረንሳውያን ድምፁን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በሆሊውድ ላይ ብርቱ ትችት የጻፈው ሰው በሆሊውድ ፊልም ይናገር ነበር። ይህን እንደ ግብዝነት የሚቈጥረው ሰው ሊኖር ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሆንዶ ድምፁን ባያከራይ ኖሮ ምናልባት ሐሳቡን ለመሸጥ ይገደድ ነበር። የድምፅ ሥራው ገቢ ከመንግሥት ችሮታ ነጻ አወጣው፤ የሚሠራውን የፊልም ጽሑፍም ለማንም እንዳያሳርም አስቻለው። በባዕድ አገር የዕለት ሥራውንና የልቡን ሥራ ለይቶ የያዘ፣ አንደኛውም ሌላውን እንዲመግብ ያደረገ ሰው ነበር።

የነጻነቱ ዋጋ ግን ጊዜ ነው። ከ«ሳራውኒያ» እስከ ቀጣዩ ፊልም ስምንት ዓመት አለፈ። በ1994 የወጣው «ጥቁር ብርሃን» የዲድዬ ዴኒንክስን ልብ ወለድ ተከትሎ፣ የፈረንሳይ መንግሥት በጥቅምት 1986 መቶ አንድ የማሊ ተወላጆችን በአንድ አውሮፕላን ጭኖ ያባረረበትን ድርጊት ከአንድ የፖሊስ ግድያ ጋር አያይዞ ይተርካል። በ1998 «ወጠኒ፣ ክፋት የሌለባት ዓለም» ሥራቸውን ያጡ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሰው በአንድ ከተማ ምን ያህል ተለያይተው እንደሚወድቁ አሳየ። በ2004 የመጨረሻውን ፊልሙን «ፋጢማ፣ የዳካሯ አልጄሪያዊት»ን አቀረበ። በአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ የነበረ ሴኔጋላዊ መኮንን ስለ ደፈራት ሴት፣ ስለ ተወለደው ልጅና ስለ ዘገየው ካሣ የሚናገር ነው። ከሳሕራ በስተሰሜንና በስተደቡብ ያሉት አፍሪካውያን እርስ በርስ ያደረሱትን በደል ሳይሸሽግ፣ ዕርቅን ይጠይቃል። ከመግሪብ ተወልዶ በጥቁርነቱ የኖረ ሰው የመጨረሻ ቃሉ ይህ መሆኑ ተገቢ ነው።

፰. ከእኛው ኃይሌ ገሪማ ጋር

የሆንዶ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ እንዳልሆነ ለማየት የኃይሌ ገሪማን ጉዞ ማሰብ ይበቃል። ኃይሌም ከጎንደር ተነሥቶ በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ ያጠናው በቺካጎ ትወና ነው። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ድርሻ ጠቦት ፊቱን ወደ ካሜራ አዞረ፤ በሎስ አንጀለስም ፊልም ተማረ። በ1976 «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን አቀረበ። በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» አከፋፋዮች አንቀበልም ባሉት ጊዜ፣ ራሱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ አሳየው። ከዚያም በዋሺንግተን ከተማ በዚሁ ስም የሚጠራ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈተ። በ2009 «ጤዛ» በፌስፓኮ፣ «ሳራውኒያ» ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያገኘውን ታላቅ ሽልማት ተቀበለ።

ሁለቱ ሰዎች በአንድ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ሁለቱም የባርነትን ታሪክ ወደ መጋረጃ አመጡ፤ የሁለቱም ፊልም በሲኒማ ቤት ደጅ ተመለሰ። ልዩነቱ ያለው በመልሳቸው ነው። ኃይሌ በዙሪያው ያለውን የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረ ሰብ አስተባብሮ የራሱን ትንሽ የማሳያ መንገድ ሠራ። በፈረንሳይ ግን ስደተኛው በየአገሩና በየቋንቋው ተከፋፍሎ ስለ ነበር ሆንዶ እንዲህ ያለ ቋሚ ደጋፊ አላገኘም። ተሰጥኦ አላነሰውም፤ ያነሰው ፊልሙን የሚሸከም የተደራጀ ሕዝብ ነው።

መደምደሚያ

ሜድ ሆንዶ በ82 ዓመት ዕድሜው በመጋቢት 2 ቀን 2019 በፓሪስ ዐረፈ። ዕለቱ የፌስፓኮ የአምሳ ዓመት መታሰቢያ በዓል በዋጋዱጉ የተዘጋበት ቀን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት «ፀሐይ ሆይ» የአፍሪካን የፊልም ቅርስ ለማዳን በተጀመረው ሥራ ውስጥ ተካቶ በጣሊያን በቦሎኛ ታድሶ፣ አዘጋጁ በሕይወት ሳለ በካን ዳግመኛ ለመታየት በቅቷል። የኃይሌም «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ ታድሷል። ሁለቱም ፊልሞች ከመጥፋት የዳኑት በባዕድ እጅ መሆኑ ሊመሰገንም ሊታሰብበትም የሚገባ ነው።

ከዚህ ሥራ ዘመን የምናገኘው ትምህርት ስለ አንድ ሰው ጀግንነት ብቻ አይደለም። በስደት ያለው ወገናችን ይጽፋል፣ ይዘፍናል፣ ፊልም ይሠራል፤ ሥራው እንዳይጠፋ የሚያስቀምጥ ቤት፣ ለሕዝብ የሚያደርስ መንገድ ግን ገና በሚገባ አላቆመም። ሆንዶ ድምፁን አከራይቶ ፊልሙን ሠራ፤ ይህ አንድ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነው። የተሠራውን ማየት፣ ማሳየትና ማስቀመጥ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም፤ የማኅበራት፣ የቤተ መጻሕፍትና የተመልካች ሥራ ነው። ያ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚከተል «ሳራውኒያ» በፓሪስ አሳይታናለች።